ቀይ ክር የታሰረበት ቢላዋ

አሶሳ ዙሪያ፣ ከሰፈራ መንደራችን
ጥር 23 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ አበጀ
ጅቡቲ

ጋሼ፣ ጤናዎን አምላክ ይጠብቅልኝ። ሙቀቱ አይጉዳዎ፤ ባለቤትዎና ልጅዎ ሔለን በሰላም ውለው በሰላም ይደሩልዎ። አባባም እማማም በሕይወት አሉ። «ደህና ናቸው» ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ሰረዝኩት።

የሆነውን ልንገርዎ። በጥምቀት ማግስት መንደሩ እንደ ልማዱ የቅርጫ በሬ አረደ። ቢላዋዎቹ ዶልዱመው ሥጋውን ይበጣጥሱት ነበር። አባባ ይህን ሲያይ አልቻለም። ከእጮኛዬ ከሰራዊት እጅ ቢላዋውን ተቀብሎ ድንጋይ ላይ ሳለው። እዚያ ላይ ቢያቆም ምንም አልነበረም። ግን አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ስለቱን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አሳለፈው፤ ከዚያም በምላሱ ጫፍ ነካ አደረገው።

የሰራዊት አባት አቶ ፈንታ ቆመው ያዩ ነበር።

«ይመር፣ አንቱ ይህን ከየት ለመዱት?» አሉ።

«ምኑን?»

«ብረት መቅመሱን። በእኛ አገር ብረት የሚቀምስ ቀጥቃጭ ብቻ ነው።»

አባባ ሳቀ። አብሮት የሳቀ የለም። ሥጋው ሲከፋፈል አባባ የነካው መደብ ቅጠሉ ላይ ቀረ፤ የሚያነሳው ጠፋ። በመጨረሻ ውሾች ወሰዱት። እማማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወደ ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ውኃ የምትቀዳው ሌሎች ሴቶች ከሄዱ በኋላ ነው።

እርስዎ ወደ ምሥራቅ፣ እኛ ወደዚህ ወደ ምዕራብ በተበተንን ጊዜ አባባ ለመዝጋቢው «ገበሬ ነኝ» ማለቱን፣ መዶሻውን በእህል ጆንያ ውስጥ መደበቁን ያውቃሉ። እኔም የገበሬ ልጅ ሆኜ ተማርኩ፤ አስተማሪ ሆንኩ፤ ሰራዊትም የገበሬ ልጅ ብሎ አጨኝ። ሠርጋችን ለዳግማ ትንሣኤ ነበር።

አሁን አቶ ፈንታ ሽማግሌ ልከዋል። «የይመር ታላቅ ወንድም ጅቡቲ አለ። ሰባት ቤታቸውን ቆጥሮ፣ ከቀጥቃጭ አለመወለዳቸውን በእጁ ጽፎ ይላክ። በቅሬው ፊት ይነበባል። አጥንታቸው ንጹሕ ከሆነ ሠርጉ ይቀጥላል፤ ካልሆነ ከቅሬው ይወጣሉ» ብለዋል። ከቅሬ መውጣት ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። አባባ ቢሞት ሬሳውን የምንሸከመው እኔና እማማ ነን ማለት ነው።

አባባ «እንዲጽፍልን ለምኚው» ብሎኛል። ይኸው የአባቴን ቃል አድርሻለሁ። የራሴ ቃል ግን ይህ ነው፦ አይጻፉ።

ያልነገርኩዎም አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ ውስጥ ቢላዋ እሠራለሁ። አባባ አላስተማረኝም፤ ይልቁንም ከለከለኝ። ስለዚህ የእጁን ብልሃት የሚተኩ ነገሮች ራሴ ሠራሁ። ጣውላ ላይ ቢላዋውን በቀርከሃ ሽብልቅ አጣብቄ አስረዋለሁ። ከጣውላው ጫፍ ቋሚ እንጨት አለ፤ ቋሚው ላይ ከፍና ዝቅ የምትል ቀለበት። ከሞረዱ ጋር የታሰረ ረጅም ቀጭን ብረት በቀለበቷ ውስጥ ያልፋል። እጅ ወዲያና ወዲህ ከመሄድ በቀር ማበላሸት አይችልም፤ ስለቱ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ማዕዘን ይወጣል። «መሪ» ብዬዋለሁ። ወናፍ የለኝም፤ በብስክሌት ፔዳል የሚዞር የቆርቆሮ ማራገቢያ አለኝ። ብረቱ በቂ መጋሉን የማውቀው ከተበላሸ ሬዲዮ ባወጣሁት ማግኔት ነው፤ ማግኔቱ መሳብ ሲያቆም ጊዜው ደርሷል።

ሳልፍ እናቶች ሕፃናታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ዓይኔ እንዳይበላባቸው። የእነዚያን ሕፃናት ታላላቆች ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ። ዓይኔን ወደ መሬት እመልሳለሁ። ጥፋት እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን አያውቅም።

የወንድምዎ ልጅ
የሺሀረግ ይመር

*

ጅቡቲ፣ መጋቢት 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺሀረግ

ሰላምታዬ ከወደቡ ተነስቶ እናንተ መንደር እስኪደርስ መንገዱን ሁሉ ይሙላው። እናትሽን ጉልበቷን ያጽናላት። ወንድሜን ግንባሩን ሳሚልኝ። እኛ ደህና ነን። ሔለን አራተኛ ክፍል ገብታለች።

ልጄ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ እህል አልቀመስኩም። እጽፋለሁ። ሰባት ቤት መቁጠር አያቅተኝም፤ ስሞቹን እንዳሉ አድርጌ ሥራቸውን ብቻ ገበሬ እላለሁ። የሞቱ ሰዎች ናቸው፤ አይቆጡም። ወንድሜ ሰው ይቅበረው፤ አንቺም ተድረሽ ልጅ ውለጂ። ስለ ምላሱ ደግሞ «ሚሊሺያ በነበርኩ ጊዜ ከአንድ መሣሪያ ሠሪ የለመድኩት ነው» ይበል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያንን ቃል በደብዳቤ አትጻፊ። ሔለን ደብዳቤዎችሽን ከመሳቢያ እያወጣች ታነባለች፤ የአጎቴ ልጅ ጽሑፍ ያምራል ትላለች። እኔ እዚህ የመጋዘን ጸሐፊና የነጋዴ ልጅ ነኝ። ሚስቴም የምታውቀው ይህንኑ ነው።

ደግሞ ይህ ቀለበትና ጣውላ ምንድነው? አያትሽ ሞረድ ሲይዝ ክንዱ ራሱ ማዕዘኑን ያውቅ ነበር። እኔም በሰባት ዓመቴ አውቄዋለሁ፤ ማንም አላሳየኝም። የእኛ እጅ ከደም የሚመጣ ነው። በእንጨት ታስሮ የሚሄድ እጅ እጅ አይደለም። እንዲህ አድርገሽ ከምትሠሪው ባትሠሪው ይሻላል።

ብረቱ የመኪና ባሌስትራ ከሆነ ውኃ ውስጥ አትንከሪው፤ ይሰነጠቃል። ዘይት ውስጥ ይሁን፤ ዘይቱም ሞቅ ያለ። ይህን የነገርኩሽ እንድትሠሪ ብዬ አይደለም።

አጎትሽ
አበጀ

*

አሶሳ ዙሪያ
ሚያዝያ 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሼ አበጀ

ሕማማቱን በሰላም አሳልፎ ለትንሣኤው ያድርስዎ። አባባ «ይጽፋል» ሲባል ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳውን ጨረሰ። ይህን የምጽፈው ላስደስትዎ አይደለም። ለሐሰት ምስጋና ሲበላ አይቼ አፍሬያለሁ።

ጋሼ፣ «ከደም የሚመጣ ነው» አሉኝ። አቶ ፈንታም ያሉት ይህንኑ ነው። እርስዎ በአጥንታችን ይኮራሉ፤ እሳቸው አጥንታችንን ይፈራሉ። ሁለታችሁም በአጥንቱ ታምናላችሁ። አሶሳ የክልል ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ በየሳምንቱ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል። ወደ ከተማ ወጥቼ ሥራ ስጠይቅ «ብሔርሽ ምንድነው?» ይሉኛል፤ መንደር ስመለስ «አጥንትሽ ምንድነው?» ይሉኛል። «ምን ታውቂያለሽ?» ያለኝ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለ ሰራዊት ልንገርዎ። ባለፈው ክረምት ጓሯችን ድረስ መጥቶ ስሠራ አገኘኝ። አልደነገጠም። «እስቲ ልሞክረው» አለና ከመሪው ፊት ተቀመጠ። ሞረድ በእጁ ይዞ የማያውቅ የገበሬ ልጅ ነው። ምላሱን ጥርሱ መሃል ይዞ ከሰዓቱን ሁሉ ሞረደ። ሲጨርስ ወደ ብርሃኑ አውጥቶ «የሺ፣ እይው! የፋብሪካ!» ብሎ እንደ ሕፃን ዘለለ። ያን ቀን ነው የወደድኩት ብል ይሻላል፤ መታጨቱማ ቀድሞ አልቋል።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ጊዜ ያንን ቢላዋ አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። «ይህን የሞረደው ሰራዊት ነው። እሱስ ቀጥቃጭ ሆነ?» አልኩ። ሰራዊት ተጠርቶ መጣ። መሬት መሬት እያየ፣

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር ነክቼ አላውቅም» አለ።

እሱን አይቼ ለእሱ አፈርኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ለራሴ አፈርኩ፤ ከወንዱ ሁሉ መርጬ የያዝኩት እሱን ነበርና።

ትምህርት ቤትም የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜዬን ለሌላ ሰጡት። ወላጆች «ልጆቻችንን ቀጥቃጭ ታደርግብናለች» ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢላዋዎቼን ገበያ ወስጄ ሰዕዲያ አጠገብ እዘረጋለሁ። ሰዕዲያ የዚህ አገር ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ ባሚያና የቀርከሃ ቅርጫት ትሸጣለች።

«ያንተ ሰዎች ምን ይላል?» አለችኝ፤ ለሴትም ለወንድም አንተ ነው የምትል።

«ቡዳ ናት ይላሉ።»

«ቡዳ ምንድነው?»

«ሰው የሚበላ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንተ? ወላሂ አንተ ምሳ ራሱ አልበላም!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቢላዬን አንስታ ቀርከሃ በቁመቱ ሰነጠቀችና «ይህ ጥሩ ነው፤ ለእኔ ሁለት አምጣ» አለች። ፈተናዋ ይኸው ብቻ ነበር።

እርስዎንም ልፈትን ነው። ነጋዴው ሐምዳን አዲስ አበባ ሲወርድ በጅቡቲ መስመር ለሚሠራ ሾፌር ሁለት ቢላዋ ይሰጥልኛል። አንዱ ላይ ቀይ ክር፣ ሌላው ላይ ጥቁር ክር አስሬያለሁ። ባሌስትራቸው አንድ ነው፤ እርስዎ ሳይነግሩኝም ሁለቱንም ዘይት ውስጥ የነከርኩ እኔ ነኝ። የሞረዷቸው ሰዎች ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው አጥንቱ የእኛ ነው፤ ሌላኛው አይደለም። የትኛው የእኛ እንደሆነ ይጻፉልኝ። ለይተው ካወቁ በአቶ ፈንታ ፊት የፈለጉትን ይመስክሩ፤ አልከራከርም።

የሺሀረግ

*

ጅቡቲ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺሀረግ

ዝናቡ ለአዝመራችሁ የሚበጅ ይሁን። ለወንድሜና ለሚስቱ ናፍቆቴን ንገሪልኝ። የቆየሁት ሾፌሩ ድሬዳዋ ታሞ ስለከረመ ነው፤ ቢላዋዎቹ የደረሱኝ ባለፈው ሳምንት ነው።

ሚስቴና ሔለን ገበያ እስኪሄዱ ጠብቄ ፈታኋቸው። በሬን ዘጋሁ። ይህን ማንም አይወቅብኝ።

ልጄ፣ ጥያቄሽ የልጅ ጥያቄ ነው። ቀይ ክር ያለው የእኛ ነው። እንዳየሁት አወቅሁት። ስለቱ ከእጀታው ሥር ተነስቶ እስከ ጫፉ ሳይናወጥ የሚሄድበት መንገድ የአባቴ መንገድ ነው። ሞራጁ አልቸኮለም፤ ብረቱን አክብሮታል። በዓይኔ አየሁት፣ በጥፍሬ ሞከርኩት፣ ከዚያ ቀመስኩት። አሥራ አንድ ዓመት ብረት ቀምሼ አላውቅም። የአባቴ ቤት ሽታ አፌ ውስጥ ገባ። አልቅሻለሁ። አንቺ ነሽ የሠራሽው፤ ደም ዝም አይልም ያልኩሽ ይህንን ነው።

ባለ ጥቁሩ ግን የባዕድ እጅ ነው። ቁጡ እጅ ነው። ከመሃሉ ላይ ሞረዱን ተጭኖታል፤ ብረቱን ሊያሸንፈው የፈለገ ይመስላል። የእኛ ሰው እንዲህ አይሞርድም።

እንግዲህ ለይቻለሁና በቃልሽ ጽኚ። ለአቶ ፈንታ የምልከውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ሰባቱም ቤት ገበሬ ሆነዋል። ቴምብር ብቻ ነው የቀረው።

አጎትሽ
አበጀ

*

አሶሳ ዙሪያ
ሐምሌ 28 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሼ አበጀ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለ ጥቁር ክሩን የሞረድኩት እኔ ነኝ፤ የወንድምዎ ልጅ። የአያቴ የልጅ ልጅ። የሞረድኩትም ሽማግሌዎቹ በሄዱ ማግስት ነው፤ ቁጡ እጅ ማለትዎ ልክ ነው። ያን ቀን መሪውን ፈትቼ፣ እንደ አባቶቼ በባዶ እጄ ይሆንልኝ እንደሆነ ልየው ብዬ ነበር።

ባለ ቀይ ክሩ የሰራዊት ነው። «ነክቼ አላውቅም» ያለው ያው ቢላዋ። አባትዎን ያገኙት በአቶ ፈንታ ልጅ እጅ ውስጥ ነው። ያገናኛችሁም የናቁት ጣውላና ቀለበት ነው።

ስለ እንባዎ አልስቅም። የእርስዎን መሳሳት ሳነብ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ወረቀቱን አጥፌ ለአባባ ሳላሳየው ቀረሁ።

አሁን ቴምብሩን ይለጥፉ ወይም አይለጥፉ፤ እኔ አልለምንም። አቶ ፈንታ ከመስቀል በኋላ እንደማይጠብቁ አስታውቀዋል።

የሺሀረግ

*

ጅቡቲ፣ መስከረም 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺሀረግ

አዲሱ ዓመት ከአሮጌው የተሻለ ይሁንላችሁ።

ለአቶ ፈንታ ትናንት በአደራ ልኬያለሁ። ምን እንዳልኩ አትጠይቂኝ፤ ሲነበብ ትሰሚዋለሽ።

ሔለን ደብዳቤዎችሽን ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው አነበበቻቸው። መሳቢያውን አልቆለፍኩትም ነበር፤ ለምን እንዳልቆለፍኩት እኔም አላውቅም። «አባዬ፣ ቀጥቃጭ ምንድነው?» አለችኝ። ለወንዶቹ የጓሮ በር እንጂ የፊት በር እንደማይከፈትላቸው፣ ለሴቶቹ ሕፃን እንዲያቅፉ እንደማይሰጣቸው ነገርኳት። ይህን ብቻ ነገርኳት። የሚሠሩትን ግን መንገር አልቻልኩም፤ አፌ የለመደው ስድቡን እንጂ ሥራውን አይደለም።

የመሪውን ስዕል ከነልኬቱ ሥሪና ላኪልኝ።

አበጀ

*

አሶሳ ዙሪያ
ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ አበጀ

ጋሼ፣ እጅዎን ያበርታልኝ። ለሔለንና ለእናቷ ያለኝን ፍቅር ሁሉ ያድርሱ። አባባ አንገትዎን አቅፎ ስሞዎታል፤ እማማ «ዕድሜዬን ይስጠው» ብላለች።

ደብዳቤዎ በጥቅምት መጀመሪያ ደረሰ። ቅሬው እሑድ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የመንደሩን ደብዳቤ ሁልጊዜ የማነበው እኔ ነኝ። ጠልተውኝ እንኳ ሌላ አንባቢ አልፈለጉም፤ አቶ ፈንታ እንደታሸገ ሰጡኝ። ሰባቱን ገበሬዎች በራሴ አፍ ልቆጥራቸው ነው ብዬ አንገቴ ድረስ ተቃጠልኩ። አባባ ከዳር፣ የዋርካው ሥር ላይ ተቀምጧል።

ከፈትኩት። «ሰባት ቤት ቁጠር ብለውኛል። እኔ አበጀ፣ ቀጥቃጭ ነኝ» ይላል። ቆምኩና መስመሩን ደግሜ አየሁት። አቶ ፈንታ «ቀጥይ እንጂ» አሉ። ቀጠልኩ። «አባቴ ቀጥቃጭ። አያቴ ቀጥቃጭ» እያልኩ እስከ ሰባተኛው ድረስ። ስሞቹን አንዳንዶቹን መጀመሪያ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። ከዚያ፣ «አሁን ደግሞ እርስዎ ይቁጠሩ። አባትዎ ያረሱበትን ማረሻ ማን ሠራው? እትብትዎ የተቆረጠበትን ስለት ማን ሞረደው?»

አቶ ፈንታ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ይህች ልጅ ከራሷ እየጨመረች ነው! ወረቀቱ ይህን አይልም!» ብለው ጮኹ። ሰው አጉረመረመ። እኔ ሄጄ ወረቀቱን ለሰራዊት ሰጠሁት። እሱም አሥረኛ ክፍል ደርሷል።

«አንተ አንብበው» አልኩት።

ወረቀቱን ያዘ። አባቱን አየ። ካቆምኩበት ቀጠለ፤ እንዲህ ብሎ፦ «ልጅዎ ሰራዊት የሞረደውን ቢላዋ በእጄ ይዤዋለሁ። የአባቴ እጅ መስሎኝ አልቅሻለሁ። እንግዲህ ወይ ልጅዎ የእኔ አጥንት ነው፣ ወይ ደግሞ አጥንት የምንለው ነገር የለም። ከሁለቱ የወደዱትን ይውሰዱ።»

የራሱ ስም ላይ ሲደርስ ቆሞ ነበር። ግን አነበበው። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እውነት ሞርደሃል?» ቢሉት «ሞርጃለሁ» አለ፤ ድምፁ የሚሰማ አልነበረም። አቶ ፈንታ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ወርውረው ሄዱ። የቀሩትም አንድ በአንድ ተነሱ። «ከቅሬው ውጡ» ያለ የለም፤ «ቆዩ» ያለም የለም።

ሰራዊት ማታውን በራችን ድረስ መጣ። «የሺ፣ አፍሬ ነው» አለ። «አውቃለሁ፤ እኔም አፍሬያለሁ» አልኩትና በሩን ዘጋሁ። ለሁለት ሰው የሚበቃ እፍረት በአንድ ቤት መያዝ አልችልም።

የመሪውን ስዕል ከነልኬቱ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። አባባ መሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብሎ መረመረና ቀለበቷን ጥቂት ዝቅ አድርጎ «እንዲህ ነው» አለኝ። እሱ ሲወጣ መልሼ ከፍ አደረግኋት። ሔለን ትሞክረውና ማናችን ልክ እንደሆንን ትፍረድ።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ የመንደሩ ልጆች በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው በየተራ መጡ። «እንዲስሉልን ተልኬ ነው» ይላሉ፤ ማን እንደላካቸው አይናገሩም። አባባ ድንጋዩን ከጓሮ አንስቶ መንገድ ዳር፣ ከፊት በራችን ላይ አስቀመጠው። አንዱን ቢላዋ ስሎ ወደ ፀሐይ አነሳው፤ በጥፍሩ ሞከረው። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ልጆቹም አዩት።

ቀመሰው። የሚቀጥለውንም ቀመሰው። ሁሉንም ቀመሳቸው።

በማግስቱ በሬው ሲታረድ እኛን አልጠሩንም። እማማ ለማንኛውም ብላ ሰሃን አጥባ ነበር፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ከበሩ አልራቅሁም። መጠበቄን ሳውቀው ነው ያፈርኩት። ከዋርካው በኩል የሥጋው ጢስ መጣ። አባባ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደዚያው አድርጎ ያዳምጥ ነበር።

«ይሰማሻል?» አለኝ። «ዛሬ ሥጋውን እየበጣጠሱት አይደለም።»

የወንድምዎ ልጅ
የሺሀረግ ይመር፣ የቀጥቃጭ ልጅ